ኮርቻ ላይ የሚዘፍነው ጀግና፦ የ1930ዎቹ ዘፋኝ ካውቦይ ፊልሞች ዛሬም ለምን ይታያሉ?

የቅዳሜ ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ያለፉትን ሦስት ወራት ማታ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በ1930ዎቹ የተሠሩትን የአሜሪካ ዘፋኝ ካውቦይ ፊልሞች ተራ በተራ ስመለከት ከርሜአለሁ። የጀመርኩት በ1935 በወጣውና አሥራ ሁለት ክፍል ባለው «ዘ ፋንተም ኢምፓየር» በተባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ታሪኩ ለማያውቀው ሰው ሲነግሩት የሚታመን አይደለም። ጂን ኦትሪ የሚባለው ወጣት ዘፋኝ በገዛ ስሙ የራዲዮ ዘፋኝ ሆኖ ይተውናል። ከእርሻው ሥር፣ በጥልቅ መሬት ውስጥ፣ ሙራኒያ የምትባል የብረት ሰዎች ያሏት መንግሥት አለች፤ ጀግናው በዚያች መንግሥት ወታደሮች ይያዛል፣ ያመልጣል፣ ተመልሶ ይያዛል። ነገር ግን ይህ ሁሉ መከራ እየወረደበት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ወደ ምድር ወጥቶ በራዲዮ ካልዘፈነ ውሉ ይፈርሳል፣ እርሻውንም ያጣል።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ስደርስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኔን ያስጨንቀኝ የነበረው የብረት ሰዎቹ ጉዳይ ሳይሆን ሰዓቱ ነበር። ሰውየው ከሞት ማምለጡን እንደ ቀላል ነገር አልፌው፣ «ዘፈኑ ይደርስለት ይሆን?» እያልኩ ነበር የምጠብቀው። ከዚያ በኋላ ያየኋቸውን ፊልሞች ሁሉ በዚህ ዓይን ነው ያየኋቸው። በእኔ እምነት፣ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ዘፈኑ ታሪኩን የሚያቋርጥ ጌጥ አይደለም፤ ጀግናው በሰዎች ዘንድ የሚታመንበት ምክንያት ራሱ ዘፈኑ ነው። ሽጉጥ የያዘ ሰው በየፊልሙ ሞልቷል፤ አንድ መንደር ሙሉ ሰው ሥራውን አቁሞ ጆሮውን የሚሰጠው ግን ለዚህ ለአንዱ ብቻ ነው።

የኦትሪ የሕይወት ታሪክም ከዚህ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። በ1907 በቴክሳስ፣ ቲዮጋ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ፤ በኦክላሆማ የባቡር ጣቢያዎች የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆኖ በሌሊት ተረኛነት ሲሠራ እንቅልፍ እንዳይወስደው ጊታር ይመታ ነበር። ከዚያም በቺካጎው ደብልዩ ኤል ኤስ ራዲዮ ጣቢያ የገበሬው ሁሉ ወዳጅ ሆነ። ሲርስ የተባለው በፖስታ ዕቃ የሚልክ ትልቅ ድርጅት በካታሎጉ ላይ ከማረሻና ከጫማ ጎን የእርሱን ስም የያዘ ጊታር ይሸጥ ነበር። ስለዚህ በ1934 ፊልም ላይ ሲታይ ገጠሬው ያየው አዲስ ተዋናይ አልነበረም፤ ቅዳሜ ማታ በየቤቱ በራዲዮ ይመጣ የነበረ እንግዳ ዛሬ ፊቱን አሳየ እንጂ።

እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ? በተለይ እነዚህን ፊልሞች አይታችሁ ያልወደዳችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ባለማሲንቆ፦

ወንድሜ፣ ያልወደዱትን ስለጋበዝክ እኔ ልቅደም። የጽሑፍህን ትጋት አከብራለሁ፤ ፊልሞቹን ግን በሙዚቃ ሰው ጆሮ ስሰማቸው እውነት የላቸውም።

የእውነተኛው ከብት ነጂ ዘፈን የታወቀ ነገር ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ ከ1866 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቀንድ ከብቶች ከቴክሳስ ተነሥተው በካንሳስ ወዳሉት የባቡር ጣቢያዎች ይነዱ ነበር። ሌሊት መንጋው ሲተኛ ሁለት ፈረሰኞች በሁለት ሰዓት ፈረቃ በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ ይጠብቁታል። ከብቱ በነጎድጓድ ወይም በአንድ የተሰበረ እንጨት ድምፅ ሊደነብር ይችላል፤ አንዴ ከደነበረ ደግሞ ሰውና ፈረስ ረግጦ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ጠባቂው ያለማቋረጥ በዝግታ ያዜማል። ከብቱ የሰው ድምፅ ቀስ እያለ ሲቀርብ ከሰማ አይደነግጥም። የሚዘፈነውም ብዙ ጊዜ በልጅነት ከቤተ ክርስቲያን የተማሩት መዝሙር ነበር፤ ግጥሙ ሲያልቅ ድምፁን ብቻ እያስረዘሙ መቀጠል ነው። ይህ የሥራ ዜማ ነው። ከብት ያገደ የእኛ አገር ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የቦረና ሰዎች ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ እየተቀባበሉ ሲያወጡ የሚያዜሙትም ለዚሁ ነው፤ ዜማው ከቆመ ባልዲው ይቆማል፣ ከብቱም ይበጠበጣል።

ታዲያ ይህን ዜማ ጆን ሎማክስ በ1910 ባሳተመው የካውቦይ መዝሙሮች ስብስብ ውስጥ ማግኘት እየተቻለ፣ ፊልሞቹ ያመጡልን ምንድን ነው? በሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚጋልብ ሰው አፉን ሲከፍት ከየትም ያልመጣ ቫዮሊንና አኮርዲዮን ያጅቡታል። ልብሱ አልቆሸሸም፣ ባርኔጣው አልተጣመመም። የቀጭን ደመወዝ ሠራተኛ የነበረውን ሰው፣ በ1883 በቴክሳስ ሰሜናዊ ክፍል ስለ ክፍያው የሥራ ማቆም አድማ ያደረገውን ሰው፣ ባለ ጥልፍ ሸሚዝ መኳንንት አድርገው አቀረቡት። እኔ የምቃወመው ይህን ነው።

የድምፅ ሠራተኛ፦

ሁለታችሁም ያላነሣችሁት አንድ ነገር አለ፤ ማይክሮፎኑ።

በኤሌክትሪክ ድምፅ መቅዳት የተጀመረው በ1925 ነው። ከዚያ በፊት ሸክላ የሚቀዳ ዘፋኝ ወደ ትልቅ የብረት ቀንድ እየጮኸ ነበር የሚዘፍነው፤ ድምፁ ያልጎላ ሰው ዕድል አልነበረውም። ማይክሮፎን ሲመጣ ግን ለጆሮ እንደሚያወሩ ሆኖ መዝፈን ተቻለ። የኦትሪን ድምፅ ልብ ብላችሁ ስሙት፦ ትልቅ ድምፅ አይደለም፤ ቀጥ ያለ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ፣ የማያስመስል ድምፅ ነው። ባለማሲንቆ የገለጹት የሌሊት ጠባቂ ድምፅም እንዲሁ ዝቅ ያለ ነበር። በመድረክ ላይ ማንም የማይሰማውን ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ለሺህ ሰው ማሰማት የቻለው ራዲዮና ፊልም ነው። በዚህ ረገድ ፊልሞቹ ከእውነተኛው ዜማ እርስዎ እንዳሉት ያህል አልራቁም እላለሁ።

በመስክ ላይ የሚታየው ዘፈን አሠራር ይህን ይመስል ነበር፦ ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ይቀዳል፤ ከዚያ በካሊፎርኒያ፣ ሎን ፓይን በምትባለው ከተማ አጠገብ ባሉት አለታማ ኮረብታዎች ወይም በቻትስዎርዝ የአይቨርሰን እርሻ ላይ የተቀዳው በድምፅ ማጉያ ይከፈታል፤ ካሜራው በመኪና ላይ ተጭኖ ከፈረሱ ጎን ጎን ይሄዳል፤ ዘፋኙም እየጋለበ ከንፈሩን ከተቀዳው ጋር ያገጣጥማል። ፈረሱ አንገቱን እንደፈለገ ይነቀንቃል፣ ነፋሱ ባርኔጣውን ያነሣል፣ ከንፈሩ ግን ከዜማው ማፈንገጥ የለበትም። እነዚህ ፊልሞች በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልቁ የአነስተኛ በጀት ሥራዎች ስለነበሩ ደጋግሞ ለመቅረጽ ጊዜ የለም። እኔ በሠርግ ቪዲዮ ሥራ ላይ ድምፅና ምስል ማገጣጠም ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ስለማውቅ፣ እነዚያን ትዕይንቶች በአክብሮት ነው የማያቸው።

ሁሉም አልተሳካላቸውም። ኬን ሜናርድ ገና በድምፅ ፊልም መባቻ ላይ ቫዮሊንና ጊታር እየመታ ዘፍኗል፤ ድምፁ ግን ብዙ ሰው አልያዘለትም። ጆን ዌይን እንኳ በ1933 ሲንጊንግ ሳንዲ የተባለ ዘፋኝ ተኳሽ ሆኖ ሲተውን የሌላ ሰው ድምፅ ነበር የተደረበለት። ተመልካቹ የሚፈልገው በፊልም የሚያየው አፍና በራዲዮ የሚሰማው ድምፅ የአንድ ሰው እንዲሆን ነበር፤ ይህ ነው ኦትሪን የለየው።

ከመንገድ ላይ፦

ይህን የምጽፈው ከኦክላሆማ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ከዳላስ ወደ ሰሜን በኢንተርስቴት 35 በወር ሦስት አራት ጊዜ እመላለሳለሁ። ከአርድሞር ከተማ እንዳለፉ «ጂን ኦትሪ» የሚል የመንገድ ምልክት አለ። ለረጅም ጊዜ የሰው ስም መሆኑን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ዕረፍት ሰዓት ላይ ስለ ነበርኩ ጠይቄ ተረዳሁ፦ በርዊን የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች፤ ዘፋኙ በአካባቢው የከብት እርሻ ስለ ገዛ በ1941 ስሟን በስሙ ቀየረች። ፊልሞቹን ማየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለማሲንቆ «እውነት የላቸውም» ስላሉት ልመልስ። እነዚህን ፊልሞች የ1870ዎቹ ታሪክ አድርገው ካዩዋቸው ልክ ነዎት። ነገር ግን አብዛኞቹ የኦትሪ ፊልሞች ስለ 1870ዎቹ አይደሉም፤ ስለተሠሩበት ዘመን ናቸው። ፈረሱ አለ፣ አጠገቡ ግን መኪና፣ ስልክ፣ አውሮፕላንና ራዲዮ አለ። በ1937 የወጣው «ፐብሊክ ካውቦይ ነምበር ዋን» የሚባለው ፊልም ውስጥ የከብት ሌቦቹ በአውሮፕላን መንጋውን ይቃኛሉ፣ በራዲዮ ይነጋገራሉ፣ ከብቱን እዚያው ሜዳ ላይ አርደው ሥጋውን በማቀዝቀዣ የጭነት መኪና ጭነው ይጠፋሉ። እኔ የምነዳው ማቀዝቀዣ ያለው ተጎታች ነው፤ ብዙ ጊዜም የምጭነው ሥጋ ነው። ያንን መኪና በጥቁርና ነጭ ፊልም ሳየው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ያረጀው የወረዳ ሸሪፍ አዲሱን ዘዴ መከተል ሲያቅተው፣ ሕዝቡም በቃህ ሲለው የሚያሳየው ክፍል ከየትኛውም ተኩስ ይበልጥ ልብ ይነካል።

የዚያን ጊዜው ተመልካች ማን እንደነበረም ማሰብ ያስፈልጋል። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው፤ ባንክ የገበሬውን መሬት ይወስዳል፤ እዚህ በኦክላሆማና በአካባቢው ዝናብ ጠፍቶ የታረሰው አፈር በነፋስ ተነሥቶ ቀኑን ጨለማ ያደርገው ነበር። እነዚህ ፊልሞች በትልልቅ ከተሞች ያሉትን ውብ ሲኒማ ቤቶች ብዙም አልረገጡም፤ የኖሩት በገጠር ከተሞች አዳራሽ ውስጥ በቅዳሜ ትርዒት ነው። በእነርሱ ውስጥ ክፉው ሰው ብዙ ጊዜ ጠመንጃ የያዘው ሽፍታ ሳይሆን ውኃውን የገደበው ኩባንያ ወይም ወረቀት ያስፈረመው ባለ ገንዘብ ነው። ለደረቀው መሬት ውኃ ማምጣት የፊልም ታሪክ ሲሆን አስቡት! መሬቱን ለቅቆ የተሰደደ ሰው ያንን አይቶ ምን እንደሚሰማው እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የቅዳሜ ተመልካች፦

ከመንገድ ላይ፣ ስለ ማቀዝቀዣው መኪና የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውኃውን በተመለከተ ሮይ ሮጀርስ የመጀመሪያ ዋና ሚናውን ያገኘበትን «አንደር ዌስተርን ስታርስ»ን ማንሣት ይገባል። በ1938 መጀመሪያ ኦትሪ ከሪፐብሊክ ስቱዲዮ ጋር ተጣላ። ስለ ክፍያው ብቻ አልነበረም፤ ድርጅቱ የእርሱን ፊልም የፈለገ የገጠር ሲኒማ ቤት የዓመቱን ሌላ ፊልም ሁሉ አብሮ እንዲገዛ ማስገደዱን ይቃወም ነበር። ሥራ ሲያቆም ስቱዲዮው ከሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ የመጣውንና ሌናርድ ስላይ የተባለውን ወጣት አነሣ፤ ስሙንም ሮይ ሮጀርስ አለው። በፊልሙ ውስጥ ይህ ወጣት አቧራ ለበላው አገሩ ውኃ ለማስገኘት የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ዋሺንግተን ይሄዳል። በዚያ በባለሥልጣናቱ ፊት የደረቀውን መሬት ፊልም እያሳየ «አቧራ» የሚለውን ዘፈን ይዘፍናል። ዘፈኑን ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ሥራ ያቆመው ኦትሪ ራሱ ሲሆን፣ ለኦስካርም ታጭቶ ነበር።

ባለማሲንቆ፣ በዚያ ትዕይንት ውስጥ ዘፈኑ ምን እያደረገ እንደሆነ ቢነግሩኝ እወዳለሁ። እኔ እንደማየው ክርክሩን የሚያሸንፈው እርሱ ነው።

የመዛግብት ሠራተኛዋ፦

እስካሁን ስማቸው የተነሡት ሁሉ ነጮች ናቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በከብት ነጂዎቹ ዘመን ከአራቱ ካውቦይ አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበረ ይገምታሉ። ስለዚህ ኸርብ ጀፍሪስን ሳናነሣ ይህ ክር እንዲዘጋ አልፈልግም።

ጀፍሪስ በዲትሮይት የተወለደ የጃዝ ዘፋኝ ነበር። እርሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ በጉዞ ላይ ሳለ አንድ ጥቁር ሕፃን ሲያለቅስ አየ፤ ጓደኞቹ ካውቦይ ሆነው ሲጫወቱ «አንተ ካውቦይ መሆን አትችልም፣ ጥቁር ካውቦይ የለም» ብለውት ነው። ጀፍሪስ ከዚያ ተነሥቶ ፕሮዲዩሰር ፈለገ፤ በ1937 «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ» ወጣ፤ እስከ 1939 ድረስም «ዘ ብሮንዝ በካሩ»ን ጨምሮ ሦስት ፊልሞች ተከተሉ። ከተቀረጹባቸው ቦታዎች አንዱ በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ከቪክተርቪል አጠገብ፣ ጥቁር እንግዶች ለመዝናናት የሚሄዱበት፣ በባለቤቶቹ ስም «መሪ» (Murray) የሚባል የፈረስ እርሻ ነበር። ሌላ ቦታ የማይቀበላቸው ሰዎች ፈረስ የሚጋልቡበት ቦታ ነበር። ፊልሞቹ ለጥቁር ተመልካቾች በተለዩ ሲኒማ ቤቶች ታዩ። ስታርደስክ የሚባል ነጭ ፈረሱ፣ ጥቁር ልብሱና ያ ሰፊ የባሪቶን ድምፁ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ከኦትሪም ከሮጀርስም የሚበልጥ ዘፋኝ መሆኑን ለመካድ ያስቸግራል። ኋላም ከዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጋር «ፍላሚንጎ»ን ዘፍኖ ዝናው ገነነ፤ በ2014 በመቶ ዓመቱ ዐረፈ።

እኛን የሚመለከተን ደግሞ ይህ ነው፦ ጀፍሪስ ስለ አባቱ ወገን ሲናገር ኢትዮጵያዊ ደም እንዳለበት ይጠቅስ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን ሳነብ እኔም ደስ ብሎኛል። ሆኖም ጀፍሪስ ስለ ትውልዱ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር ተናግሯል፤ የዘር ልዩነት ሕግ በነበረበት አገር እንደዚያ ዓይነት መልክ ያለው ሰው ስለ ራሱ መናገር ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ቃሉን የእርሱ ቃል አድርገን እንያዘው፤ የዘር ሐረግ አድርገን አንመዝግበው። ለእኔ ከደሙ ይልቅ ለዚያ ለሚያለቅስ ሕፃን ሲል ያደረገው ይበልጥብኛል።

አሁን ስለ ዘፈኑ ልናገር። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ እሑድ እሑድ ሲኒማ እንገባ ነበር። የካውቦይ ፊልም ሲሆን አዳራሹ በፉጨት ይናጋል፤ የህንድ ፊልም ሲሆን ግን ሰው ያለቅሳል። የምናየው የካውቦይ ፊልም ተኩስ እንጂ ዘፈን አልነበረውም፤ እነዚህን የኦትሪን ፊልሞች ያየሁት አርጅቼ፣ ልጄ ዘንድ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ ሰውየው ለምን በድንገት ይዘፍናል?» ይሉኛል። እኔ ግን አልተቸገርኩም። በህንድ ፊልም ያደገ የእኛ ትውልድ ሰው፣ ጀግናው ከተራራ ሥር አፉን ሲከፍት ኦርኬስትራው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ልቡ ሲሞላ ይዘፍናል፤ በቃ። ባለማሲንቆ «ከየትም ያልመጣ ቫዮሊን» ያሉት ለእኔ የሙዚቃ ድራማ ሁሉ ስምምነት ነው። በቴአትር ቤት ተዋናዩ ለብቻው ጮክ ብሎ ሲያስብ ማን ሰማው ብለን ከመጋረጃው ጀርባ አንፈልግም።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። በብዙዎቹ ፊልሞች የአገሬው ነባር ሕዝቦች ወይ የሉም፣ ወይ ለማስፈራሪያ ብቻ ብቅ ይላሉ፤ ሜክሲኳውያኑም እንደ ልብስ ጌጥ ነው የገቡት። ኦትሪ በ1949 በሠራው አንድ ፊልም የናቫሆዎችን ረሃብና የሚያታልላቸውን ነጋዴ ክፋት ለማሳየት ሞክሯል፤ ይህን አከብራለሁ፤ የተቀሩትን ግን አያካክስም። ለልጅ ልጆቼ ሳሳያቸው ይህን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

የመዛግብት ሠራተኛዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ጀፍሪስ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ማስጠንቀቂያዎ ተገቢ ነው። ስለ ሴቶቹም ልጨምር። በ1935 ፓትሲ ሞንታና የካውቦይ ፍቅረኛ መሆን እመኛለሁ የሚለውን ዘፈን ስትቀዳ፣ ግጥሙን ብትሰሙት ፍላጎቷ ቤት መቀመጥ ሳይሆን ከጎኑ መጋለብና ከብት መያዝ ነው። በ1939 ዶሮቲ ፔጅ ዘፋኟ ካውገርል ተብላ ሦስት ፊልሞች ሠራች፤ ያ ሙከራ አልቀጠለም። ዴል ኢቫንስ ግን ከሮይ ሮጀርስ ጋር በተጋባች ጊዜ እንደ ጀማሪ አልመጣችም፤ ራሷን የቻለች የራዲዮ ዘፋኝ ነበረች፤ ሁለቱ ፕሮግራማቸውን የሚዘጉበትን የመሰነባበቻ ዘፈን የጻፈችውም እርሷ ናት። ከትዕይንቱ ሁሉ ሰው ጆሮ ውስጥ የቀረው ያ ነው።

ባለማሲንቆ፦

የሁላችሁንም አነበብኩ። መምህር፣ ስለ ህንድ ፊልም ያነሡት ትክክል ነው፤ በአንዱ የተቀበልኩትን በሌላው መንቀፌን አላስተዋልኩም ነበር።

ስለ ዜማው ግን ገና አልረካሁም። የኦትሪ ዘፈኖች ብዙዎቹ በከተማ የዘፈን ጸሐፊዎች የተጻፉ አይደሉም? ከብት ያላየ ሰው ስለ ከብት ሲዘፍን እንዴት እንመነው? ደግሞ ትናንት አንዱን ፊልም ከኢንተርኔት አውርጄ አየሁት፤ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱም መሐል ላይ ይቆረጣሉ። የቅዳሜ ተመልካች የሚለው ዘፈኑ ልብ የሆነበት ፊልም ይህ ከሆነ፣ ልቡ አልታየኝም።

የቅዳሜ ተመልካች፦

ያወረዱት ቅጂ ርዝመቱ ስንት ደቂቃ ነው? ሃምሳ ሦስት ወይም ሃምሳ አራት ከሆነ ችግሩ የፊልሙ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ሲስፋፋ ሪፐብሊክ እነዚህን ፊልሞች ለጣቢያዎች ሸጠ። ኦትሪና ሮጀርስ ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ ኋላ ግን ተሸነፉ። ከማስታወቂያ ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲገቡ ሲባል ከስድሳና ከሰባ ደቂቃው ላይ ተቆረጡ። ተኩሱ ቢቆረጥ ታሪኩ ይጠፋል ብለው የቆረጡት ብዙ ጊዜ ዘፈኑንና ሳቁን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ እነዚህን ፊልሞች የናቃቸው የተገነጠሉትን ስላየ ይመስለኛል። ኦትሪ በሕይወት ሳለ የጀመረውና ከሞተም በኋላ ድርጅቱ የቀጠለው ሥራ ሙሉ ቅጂዎቹን ፈልጎ ማደስ ነው፤ እነዚያን ይፈልጉ።

ስለ ዘፈን ጸሐፊዎቹ ደግሞ የቦብ ኖላንን ታሪክ ልንገርዎ። ከካናዳ የመጣ ሰው ነው፤ ከሮይ ሮጀርስ ጋር «ሰንስ ኦፍ ዘ ፓዮኒርስ» የተባለውን ቡድን ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። በሎስ አንጀለስ ሀብታሞች ጎልፍ ሲጫወቱ መሣሪያቸውን እየተሸከመ ነበር የሚተዳደረው። አንድ ዝናባማና ነፋሻ ቀን ሥራ ስለሌለ ቤቱ ተቀምጦ በመስኮት ቅጠል በነፋስ ሲንከባለል እያየ ግጥም ጻፈ። በኋላ ቅጠሉ በበረሃ የሚንከባለለው ደረቅ እሾህ ሆነ፤ ኦትሪም በ1935 ለሪፐብሊክ የሠራው የመጀመሪያ ፊልም ስሙን የወሰደው ከዚያ ዘፈን ነው። ኖላን ከብት ነጂ አልነበረም። ነገር ግን በሰው ዕቃ ተሸካሚነት የሚኖር ስደተኛ፣ ሥር የሌለውን ተክል ሲያይ የሰማው ነገር ውሸት ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

ባለማሲንቆ፦

ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ነበር።

«አንደር ዌስተርን ስታርስ»ን ሙሉውን አግኝቼ ዛሬ ማታ አየሁት። በ2009 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ፊልሞች አንዱ መሆኑንም እግረ መንገዴን አነበብኩ። የአቧራው ዘፈን ላይ ስደርስ ምስሉን ትቼ ዐይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፤ ከዚያ መልሼ እያየሁ ሰማሁት። ዜማው ቀላል ነው፤ ከፍ ሳይል ዝቅ ሳይል ይሄዳል። ሮጀርስም ድምፁን ለማሳየት አልሞከረም፤ ለእንግዶቹ የሚያዜም ሳይሆን የሆነውን የሚያስረዳ ይመስላል። የድምፅ ሠራተኛው ስለ ሌሊት ጠባቂው ዝቅ ያለ ድምፅ የጻፉት ያን ጊዜ ገባኝ። መንጋውን እንዳይደነብር የሚያባብለው ያው ድምፅ እዚህ የተቀመጡትን ባለሥልጣናት ይቀሰቅሳል።

ባለ ጥልፍ ሸሚዙን አሁንም አልወድም። ዘፈኑን ግን በማሲንቆ ልሞክረው ዛሬ ዘርዝሬ ጻፍኩት፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ያለችውን መውረጃ ገና በደንብ አልያዝኳትም። የጀፍሪስን «ዘ ብሮንዝ በካሩ» ሙሉ ቅጂ ከእናንተ መካከል ያለው ሰው ቢጠቁመኝ ቀጥዬ እርሱን አያለሁ።